በጂንካ ጓሮ የቲማቲም ብብት የሚበላው ብር

ጂንካ - ቅዳሜ የጂንካ ዋነኛ የገበያ ቀን ነው። ከአሪ ተራሮች ቡና፣ ጎመንና ሙዝ ተሸክመው የሚወርዱት ገበሬዎች ከከተማው ነዋሪ ጋር የሚገናኙበት፣ ከቆላው የሚመጡት አርብቶ አደሮችም የሚታዩበት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ቲማቲም እንደሌላው የሀገሪቱ ገበያ ሁሉ መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ በመደብ በመደብ ተደርድሮ ይሸጣል። መደቡን ላስተዋለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ትልልቁና ለስላሳው ፍሬ ከላይ፣ ኮልኮሌው፣ የተሰነጠቀውና ቂጡ የጠቆረው ከሥር ይደረጋል። ቲማቲም ሲወደድ ብዙ ጊዜ የመደቡ ዋጋ ከፍ ከማለቱ በፊት መደቡ ራሱ ያንሳል፤ ከሥር የሚደበቀውም ይበዛል።

ያ ከሥር የሚደበቀው ፍሬ በአብዛኛው የዘር ወይም የአፈር ጉዳይ አይደለም። የእጅ ጉዳይ ነው። በየግቢው አሥርም ሃያም እግር ቲማቲም የሚተክል ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ችግኙ አንዴ ከተዛመተ በኋላ ውኃ ከማጠጣት በስተቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። ተክሉም በፈለገው መንገድ ተንሰራፍቶ መሬት ላይ ይተኛል፣ ቅጠል ያበዛል፣ ባለቤቱም «ዘንድሮ ቲማቲሜ አማረ» ይላል። ያማረው ግን ቅጠሉ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ተነግሯል። የተነገረው ግን በአመዛኙ ስለ መትከል ነው፤ ከተተከለ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ እምብዛም አይወራም። የቲማቲም ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ግን ከተተከለ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ነው።

ብብት ማለት ምን ማለት ነው?

የቲማቲም ቅጠል ከዋናው ግንድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ልክ እንደ ሰው ብብት ባለው ሥፍራ፣ ሌላ ቡቃያ ይወጣል። ይህ የብብት ቡቃያ ዝም ከተባለ ራሱን የቻለ ግንድ ይሆናል፤ እርሱም በተራው ቅጠል አውጥቶ በየብብቱ ሌሎች ቡቃያዎችን ያበቅላል። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ አንዱ እግር ዋናው ግንድ የትኛው እንደሆነ የማይለይ ቁጥቋጦ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ የካፒታል ድልድል ጥያቄ ነው። ሥሩ ከአፈር የሚያመጣው ውኃና ምግብ፣ ቅጠሉም ከፀሐይ የሚሠራው ስኳር መጠኑ የተወሰነ ነው። ይህ ካፒታል በአሥራ አምስት ግንድ ላይ ከተበተነ ብዙ ነገር ግን ጥቃቅንና ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ይገኛል። በአንድ ወይም በሁለት ግንድ ላይ ከተሰበሰበ ቁጥሩ ያነሰ፣ መጠኑ የተለቀና ቀደም ብሎ የሚደርስ ፍሬ ይገኛል።

እዚህ ላይ በልማድ የሚነገር አንድ ስሕተት መታረም አለበት። መግረዝ የእያንዳንዱን እግር ጠቅላላ ምርት ይጨምራል የሚሉ አሉ። አይጨምርም፤ እንዲያውም አንድ እግር ተገርዞ የሚሰጠው ኪሎ ካልተገረዘው ሊያንስ ይችላል። ትርፉ የሚገኘው በሌላ በኩል ነው። የተገረዘ ተክል ወደ ላይ ስለሚወጣ ቦታ አይሻማም፤ በዚያው መሬት ላይ ብዙ እግር ይተከላል። ፍሬው መሬት ስለማይነካ የሚበሰብሰው ይቀንሳል፤ ከመደቡ ላይ የሚቀመጠው ፍሬ ድርሻ ይጨምራል።

ስለሆነም ባለጓሮው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የጎደለው መሬት ነው ወይስ ችግኝ? ጂንካ ከተማ ውስጥ በግቢ ጥግ ሦስት በአራት ሜትር ቦታ ላላት እመቤት ማነቆው መሬት ነው፤ አንድ ግንድ ብቻ አስቀርቶ አቀራርቦ መትከል ያዋጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ ጓሮ ያለው፣ ችግኙን ግን በውድ የገዛ ሰው ደግሞ ከእያንዳንዱ እግር ሁለት ግንድ ቢያስቀር ይሻለዋል።

ሁሉም ቲማቲም አይገረዝም

ቲማቲም በጠባዩ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ቁመቱ የተወሰነ ነው፤ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ እድገቱን ያቆምና ፍሬውን ባንድ ሰሞን አከታትሎ ያደርሳል። ሁለተኛው ቁመቱ ያልተወሰነ ነው፤ በሽታ ወይም ድርቅ እስኪያቆመው ድረስ እየረዘመ ያብባል፣ ያፈራል።

በሀገራችን ለረጅም ጊዜ የታወቀው ሮማ ቪኤፍ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትና ለድልህ ፋብሪካም የታሰቡት እንደ መልካሳልሳ ያሉት ዝርያዎችም በዚሁ አኳኋን ያለ ብዙ ገረዛ የሚመረቱ ናቸው። እነዚህን እንደ ረጅሙ ቲማቲም ብብታቸውን ሙልጭ አድርጎ መልቀም ምርቱን በገዛ እጅ መጣል ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ፍሬ የሚንጠለጠለው በእነዚያው የብብት ቅርንጫፎች ላይ ነው። ለእነርሱ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያሉትን ቡቃያዎች ብቻ ማንሳት ይበቃል። መኒ ሜከር የሚባለውና ሌሎች ረጃጅም ዝርያዎች ግን ያለ ገረዛና ያለ ድጋፍ ጥሩ ፍሬ አይሰጡም።

ዘሩን ከገበያ ያለ ስም የገዛ ሰው እንዴት ይለየው? ችግኙ ጉልበት ድረስ እስኪደርስ ይታገሥና ጫፉን ይይ። ጫፉ በአበባ ዘለላ ከተዘጋ አጭሩ ነው፤ ከአበባው በላይ አዲስ ቅጠል እየገፋ ከወጣ ረጅሙ ነው።

መቀስ ወይስ ጣት?

ሥራው የሚጀመረው ችግኙ ከተዛመተ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ብቅ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ለሠላሳ እግር የሚፈጀው ጊዜም ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ቡቃያው ከጣት ርዝመት ሳያልፍ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ተይዞ ወደ ጎን ጎንበስ ሲደረግ በቀላሉ ይሰበራል፤ ቁስሉም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ሁለት ግንድ የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ወዲያው በታች ያለውን ቡቃያ ይተወዋል። እርሱ ከሁሉም ብርቱ ነውና ሁለተኛ ግንድ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ይነሣል።

ተዘንግቶ እንደ እርሳስ የወፈረ ቡቃያ ከተገኘ በእጅ መገንጠል የግንዱን ልጥ ይዞ ይሄዳልና በምላጭ ወይም በስለታም ቢላ መቁረጥ ይሻላል። ምላጩን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገሩ በበረኪና ወይም በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል፤ በሽታ በአንድ ምላጭ መንደሩን ሁሉ ያዳርሳልና። ገረዛ የሚደረገው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ነው። ዝናብ ያረጠበውን ቲማቲም መነካካት በሽታን በእጅ ማዳረስ ነው።

በደቡብ ኦሞ በተለይ ሊነገር የሚገባው ደግሞ ስለ ትንባሆ ነው። ትንባሆ የሚያጨስ፣ የሚያኝክ ወይም ሱረት የሚስብ ሰው በጣቱ ላይ የትንባሆ ሞዛይክ የተባለውን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትንባሆና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ ቫይረሱ በደረቀ ትንባሆ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። መድኃኒት የለውም። እጅን በሳሙና መታጠብ ግን ዋጋው ከሳሙናው አይበልጥም።

ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከታች ያሉት፣ መሬት የሚነኩትና ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ደረጃ በደረጃ ይነሣሉ፤ ከመሬት እስከ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያለው ግንድ ራቁቱን ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናብ ከአፈር ላይ እያነጠረ የሚያመጣው በሽታ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። በአንድ ጊዜ ግን ከተክሉ ቅጠል ሲሶውን ማለፍ አይገባም። ቅጠል የስኳር ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካውን ዘግቶ ምርት መጠበቅ የለም።

በኦሞራቴ የማይሠራ የጂንካ ምክር

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት። ኦሞራቴ ደግሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ በተጠጋው ቆላ፣ ከ400 ሜትር በታች ነች። ሁለቱ በአንድ ስም ደቡብ ኦሞ ይባሉ የነበረ ቢሆንም ለቲማቲም ሁለት ሀገር ናቸው።

ቲማቲም የሚወደው የቀን ሙቀት ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። ሙቀቱ ከ32 እና ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር አበባው ሳይፀንስ ይረግፋል። የጂንካ ችግር ሙቀት ሳይሆን ዝናብና እርጥበት ነው፤ ዝናቡም ሁለት ወቅት አለው፤ ዋናው ከመጋቢት ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ ይዘንባል። በዚህ አየር ገረዛው ጠበቅ ማለት አለበት፤ ነፋስ በተክሉ መካከል እንዲያልፍና ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ገበሬው ምች የሚለው፣ ቅጠሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደተቃጠለ የሚያስመስለው የሻጋታ በሽታ የሚወደው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ጥቅጥቅ ጫካ ነውና።

በወይጦ፣ በቱርሚና በኦሞራቴ ግን እንደዚያ የገረዘ ሰው ይከስራል። እዚያ ቅጠሉ ለፍሬው ጃንጥላ ነው። የተራቆተ ፍሬ በፀሐይ ተለብልቦ ነጭ፣ ኋላም የሳሳ ቆዳ ያወጣል፤ ገዢ አያነሣውም። በቆላው ሁለት ወይም ሦስት ግንድ ማስቀረት፣ ከታች ያለውን ብቻ ማጽዳት፣ ሥሩን በሣር ጉዝጓዝ ማልበስና ከተቻለ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ሥፍራ መትከል ይሻላል።

ካስማ፣ ቃጫና ውኃ

የተገረዘ ቲማቲም በራሱ አይቆምም። አንድ ሰው ተኩል ቁመት ያህል የሆነ የባሕር ዛፍ ወይም የቀርከሃ ካስማ ያስፈልገዋል። ካስማው ችግኙ ሲተከል አብሮ ቢቸከል ኋላ ሥሩን ከመውጋት ያድናል። ማሰሪያ ከሱቅ መግዛት ግን ትርፍ ወጪ ነው። እንሰት በሚተከልበት የአሪ አካባቢ ቃጫ አይታጣም፤ ከናይለን ገመድ ይልቅም ግንዱን አይቆርጥም። አስተሳሰሩ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሁን፤ በካስማው በኩል ጠበቅ፣ በግንዱ በኩል ላላ ተደርጎ።

ረድፉ በአንድ ሜትር፣ በእግርና በእግር መካከል ያለው በአርባ ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲሆን በሦስት በአራት ሜትር ቦታ ላይ ሠላሳ እግር ይተከላል። ከእያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ፍሬ ይገኛል ቢባል 45 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው መሬት ላይ ተኝቶ ቢበሰብስ 15 ኪሎው ጠፋ ማለት ነው። የቲማቲም ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በብር መጻፉ አይጠቅምም፤ አንባቢ በሰፈሩ ዋጋ ማባዛት ይችላል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ለቤት ፍጆታ የሚውለው ቲማቲም መተመን ያለበት ነጋዴ በሚገዛበት ዋጋ ሳይሆን እመቤቲቱ ከገበያ በምትገዛበት የችርቻሮ ዋጋ ነው። ያልወጣ ብር የገባ ብር ነውና የጓሮ ቲማቲም ከማሳ ቲማቲም ይልቅ በኪሎ ብዙ ያወጣል።

ስለ ውኃ ብዙ ማለት አያሻም። ጠዋት፣ ከሥሩ ላይ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ፣ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጠልቆ እንዲገባ አድርጎ ማጠጣት ነው። ሳምንት ሙሉ ጠምቶ በአንድ ቀን የሰከረ ቲማቲም ይሰነጠቃል። ገበያ ላይ ከመደቡ ሥር የሚደበቀው ቂጡ የጠቆረ ፍሬም በአመዛኙ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ፍሬው ጫፍ የሚደርሰው በውኃ ተሸካሚነት ስለሆነ ውኃው ሲቆራረጥ እርሱም ይቆራረጣል። ይህን አይተው መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ በሽታ ስላልሆነ ገንዘባቸው ብቻ ይፈስሳል።

የሚጣለው ቡቃያ ችግኝ ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ የድቅል ዝርያ ዘሮችና የተባይ መድኃኒቶች በብር ሲታሰቡ ከፍ ብለዋል። ድቅል ዘር ደግሞ ከፍሬው ዘር አውጥተው ቢዘሩት እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ባለጓሮው በየዓመቱ ገዢ ነው።

ከዚህ ወጪ የሚያመልጥበት መንገድ በየሳምንቱ ቆርጦ የሚጥለው ቡቃያ ውስጥ አለ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር እስኪሆን የተተወ የብብት ቡቃያ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹ ተነሥተው፣ በእርጥብ አፈር ወይም ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ጥላ ቦታ ቢቀመጥ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ጊዜ ሥር ያወጣል። ከዘር ከሚነሣ ችግኝ ቀድሞ ያብባል፤ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነም የድቅሉ ጠባይ አይጠፋም። አሥር እግር ድቅል ችግኝ የገዛ ሰው በዚህ መንገድ ሠላሳ ሊያደርሰው ይችላል። ቡቃያው መወሰድ ያለበት ግን ከጤነኛ እግር ብቻ ነው፤ እናቲቱ ያለባት በሽታ ልጅቱንም ይከተላል።

ከበሽታና ከተባይ ሁሉ የከፋው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን የገባው ይህ ተባይ በኢትዮጵያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ገብቶ ስለሚበላ የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም፤ ብዙዎቹንም መድኃኒቶች ለምዷል። ለማሳ ገበሬ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ሠላሳ እግር ያለው ባለጓሮ ግን ከሰፊ እርሻ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እያንዳንዱን ቅጠል በዓይኑ ማየት ይችላል። በየሳምንቱ ሲገርዝ ነጣ ያለ ጠባሳ ያለበትን ቅጠል አንሥቶ በፌስታል አሥሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም ጠልቆ መቅበር ነው። እዚያው መደቡ ላይ መጣል ግን ለትሉ ቀለብ መስፈር ነው። የተቆረጠውን ቅጠል ለፍየል መስጠትም አይመከርም፤ መርዝነት አለው።

ለጾም የሚደርስ ቲማቲም

የቲማቲም ፈላጊ የሚበዛበት ወቅት የታወቀ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ስልስና ፍትፍቱ ቲማቲም ይፈልጋል። ችግኝ ከመደብ ለመነሣት ከአራት እስከ አምስት ሳምንት፣ ከተዛመተ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማድረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። በአጠቃላይ ወደ 110 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ጂንካ ላይ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ የዘራ ሰው በየካቲት መልቀም ይጀምራል፤ ዋናው ዝናብ በመጋቢት ሲገባም ዋነኛውን ምርት አንሥቷል። በእነዚህ የበጋ ወራት ግን ውኃ በእጅ መቅዳት ግድ ነው። ሌላው ሰው ዝናብ ጠብቆ ስለሚተክል ብዙው ቲማቲም ባንድ ሰሞን ገበያ ይወጣና ዋጋው ይወድቃል፤ የቀረውም በምች ይመታል።

ዝናቡ ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው የረጅሙ ዝርያ ጫፍ ከመጨረሻው የአበባ ዘለላ በላይ ሁለት ቅጠል አስቀርቶ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚወጣ አበባ ለገበያ አይደርስምና ጉልበቱ በተያዘው ፍሬ ላይ እንዲውል ነው። ለቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው ሰው ፍሬውን ቂጡ ቀላ ሲል ረቡዕ ወይም ሐሙስ ለቅሞ ጥላ ላይ ቢያስቀምጠው ቅዳሜ ቀልቶ፣ ግን ሳይለሰልስ ይደርሳል። ሐሙስ ወደ ቀይ አፈር ገበያ የሚወስድም እንዲሁ ሰኞ መልቀም ይኖርበታል፤ በዚያ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ቲማቲም ድልህ ሆኖ ነው የሚገባው።

ምርቱ ሲያልቅ ግንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል። ሥሩ ላይ እባጭ ከታየ አፈሩ ውስጥ የሥር ትል አለ ማለት ነው። በዚያ መደብ ላይ ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወቅቶች ቲማቲም ብቻ ሳይሆን ድንች፣ በርበሬና ባዴጃንም አይተከሉም፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። በቆሎ ወይም ጎመን ሊገባበት ይችላል፤ እባጭ ያልታየበት መደብ ከሆነ ቦሎቄም ይሆናል።